ያደረ መርዶ

ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ናሆም ለወንድሙ የሳምንቱን ወሬ ያቀብላል። ደሴ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም። ጓዳ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ እናቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ግድግዳው ላይ ካለችው የምስር ፍሬ ከምታህል ቀዳዳ ፊት ቆሞ ይናገራል።

«የእማዬ ጉልበት ትንሽ ሻል ብሏታል። ቅባቱን ቀይረንላታል፤ ቅባቱ ተስማማሽ ወይ ብለህ ጠይቃት። የእትዬ ማክዳ ልጅ ወልዳለች፣ ሴት ናት። ጦሳ ተራራ ላይ በረዶ ጥሎ ነበር። የጓሮው አጥር ወድቆ አቁሜዋለሁ፤ ስለ አጥሩ ግን እኔን ጠይቀኝ፤ እሷን ከጠየቅካት ትበሳጫለች።»

ቀዳዳዋ መልስ አትሰጥም። ከጎኗ ያለችው አረንጓዴ መብራት ሁለቴ ብልጭ ብላ ስትጠፋ ወሬው ደርሷል ማለት ነው። ናሆም ያን ጊዜ ከጓዳ ይወጣና የቀረውን ምሽት እንዲሁ ሲንጎራደድ ያመሻል። ቁጭ ይላል፣ ይነሳል፣ የተዘጋ በር ሄዶ ይዘጋል። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዓርብ ማታ ግን ፈተና እንዳለበት ተማሪ ያደርገዋል።

አንድ ዓርብ ታሞ ሳያቀብል ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ወንድሙ ኪሩቤል ያለፈውን ሳምንት ጥያቄ አንድ በአንድ ደግሞ ጠየቀ። እናታቸው «ልጄ ራሱን አሞታል፤ የጠየቀውን ይረሳል» ብላ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አላት። ከዚያ ወዲህ ናሆም ዓርብን አስታጉሎ አያውቅም።

ግርግሩ ካለፈ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። «ግርግር» ለገበያ ጠብ እንጂ አገር ለተገለባበጠበት ነገር የሚሆን ስም አልነበረም፤ ከዚያ የከበደ ቃል የሚደፍር ስላልተገኘ በዚያው ጸና። በመጨረሻው ሳምንት ወጣቶቹ ስታዲየሙ ሜዳ ላይ ተሰብስበው በአውቶቡስ ተጫኑ። ኪሩቤል ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የተመለሰ የለም። አዲሱ መንግሥት የእርቅ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የእርቅ ቤት የመጀመሪያ አዋጅም ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ከተጫኑት አንዱንም «ሞተ» ማለት ክልክል ነው የሚል ሆነ። «ርቀው ያሉ» ተባሉ። መርዶ መንገር፣ ድንኳን መትከል፣ ተዝካር ማውጣት ቀረ። ምርመራው አሁንም እንደቀጠለ ነው።

ሕዝቡ አዋጁን ብዙም አልተቃወመውም። እኛ ድሮም መርዶ ማቆየት እናውቅበታለን። ሰውዬው ከመንገድ ይመለስ፣ እህል ይቅመስ፣ ዘመድ ይሰብሰብለት፣ ብቻ ይንጋ እያልን ማሳደር የኖርንበት ነው። የእርቅ ቤት የጨመረበት ነገር ቢኖር ንጋቱን ማስቀረት ነው።

በአራተኛው ዓመት ደግሞ የእርቅ ቤት ቅዳሜዎቹን አመጣ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሳሎኑ ግድግዳ ይበራል። እማማ ሶልያና ከምሳ ጀምራ ስትዘጋጅ ትቆያለች፤ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ ጥሩውን ነጠላ ታወጣለች፣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። ሶልያና የሚለው ስም ድሮ የቆነጃጅት ስም ነበር አሉ። ዛሬ ሲጠራ ትዝ የሚለው ከዘራና የጉልበት ቅባት ነው። ወጣቶቹ በተራቸው ጥሩወርቅና ይመናሹ ሆነዋል፤ ዘመን ስምንም ያገላብጣል።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?»

ኪሩቤል መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ቡናማ ሹራብ ለብሷል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ከካቻምና ጀምሮ መነጽር ያደርጋል። በየዓመቱ ዓመት ይጨምራል፤ በዚህ በኩል የእርቅ ቤት አይታማም።

«ይመስገነው ልጄ! አንተስ? ምነው ከሳህ?»

«አልከሳሁም፤ ያንቺ ዓይን ነው። ነጠላሽ አዲስ ነው ልበል?»

«አየኸው? ናሆም ነው የገዛልኝ።»

«አምሮብሻል። አዲሱ ቅባት ተስማማሽ ወይ?»

እናቱ ፊቷ ይበራል። ልጇ ከዚያ ማዶ ሆኖ ጉልበቷን ያስባል። ስለ ቅባቱ፣ ስለ ማክዳ የልጅ ልጅ፣ ስለ በረዶው ያወራሉ። ከዚያ ወደ ናሆም ዞሮ ስለ አጥሩ ይጠይቀዋል፤ ናሆምም ትናንት ራሱ የነገረውን ወሬ እንደ አዲስ ይመልስለታል። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አንድም ጊዜ አያርፍም።

ኪሩቤል ሲስቅ ግራ ጆሮውን ጫፉ ላይ ይይዛል።

«አባቱን! ቁርጥ አባቱን!» ትላለች እናቱ ሁልጊዜ።

ናሆምም አባቱ እየሳቀ ጆሮውን ሲይዝ ትዝ ይለዋል። አንድ ቀን ግን ያን ትዝታ ደህና አድርጎ ሊያየው ሲሞክር አባቱ መስኮት አጠገብ፣ በቡናማ ሹራብ ተቀምጦ አገኘው። አባቱ ቡናማ ሹራብ ኖሮት አያውቅም። ናሆም ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ትዝታውንም ዳግመኛ አልነካውም።

እናቱ የማትጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የት ነህ አትለውም፤ መቼ ትመጣለህም አትለውም። አትጠይቂ ያላት ሰው የለም። በከተማው ውስጥ እነዚህን ሁለቱን የሚጠይቅ ቤት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ግድግዳው ሲጠፋ እማማ ሶልያና «ከስቷል» ትላለች። «አልከሳሁም ይበለኝ እንጂ ከስቷል።»

ናሆም የሚተዳደረው በአውቶቡስ ጥገና ነው። ከዚያ በተረፈው ጊዜ የሰፈሩን ቅሬ ዕቃ ቤት ይጠብቃል። ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚሉት ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያቀርብ፣ ሟች የሚቀብር። ሰኞ ከሰዓት ድንኳን ሲያጥፍ ጥሩወርቅ መጣች። ይህች ከአዲስ አበባ የመጣች የፊልም ዳይሬክተር ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በግርግሩ ማግሥት የተወለደች። ወሩን ሙሉ በየቤቱ እየዞረች የቅዳሜያችሁን ምስል አውሱኝ ስትል ከርማለች። አዋጁ ማንም ሰው የራሱን ቅዳሜ ለፈለገው እንዳያውስ አይከለክልም። ያላዋሳት ቤት የለም፤ ሁሉም ግን «ለጎረቤት እንዳትናገሪ» ብሏታል። ናሆምም የኪሩቤልን ሰጥቷት ነበር፤ ለእናቱ ሳይነግር።

«ጋሽ ናሆም፣ ድንኳን ፈልጌ ነበር።»

«ማን ሞተ?» አላት ከልማዱ። በዕቃ ቤቱ በር የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው።

«ማንም አልሞተም። ፊልሙን ላሳይበት ነው።»

«ሲኒማ ቤቱስ?»

«ፈሩ መሰለኝ። አዳራሽ ስጠይቅ ደግሞ ለሙከራ ፊልም አንሰጥም አሉኝ።»

«ምን ይላል ፊልሙ?»

«ምንም አይልም። ድምፅ የለውም። ታሪክም የለውም። ለዚህ እኮ ነው ሙከራ የሚባለው።»

«ሲሳካስ ምን ይባላል?»

ሳቀች። «ሲሳካልኝ እነግርዎታለሁ።» ከዚያ የታጠፈው ድንኳን ላይ ቁጭ አለችና ፊቷ ኮስተር አለ። «ስለ ግርግሩ የተሠራ ፊልም ሞልቷል፤ እርስዎም ያውቃሉ። ባንዲራ ይውለበለባል፣ ሰው ይሮጣል፣ መጨረሻው ላይ ፀሐይ ትወጣለች። አንዱም የኛን አገር አይመስልም። የኛ አገር በየሳሎኑ ተዘግቶ ብቻውን ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። የሁሉንም ቅዳሜ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሸራ ላይ ጎን ለጎን አደርጋለሁ። በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ። ምን እንደሚታይ እኔም አላውቅም። ገና አልገጣጠምኩትም፤ ከሕዝቡ ጋር ነው የማየው።»

ናሆም የድንኳኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረ፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። «መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ልክ ጎሕ ሲቀድ። ያን ጊዜ ጉሙ ከጦሳ ይወርዳል አይደል? የድንኳኑን አንድ ጎን ክፍት አድርጌ ምስሉ ከሸራው አልፎ ጉሙ ላይ እንዲወድቅ እፈልጋለሁ።»

ጎሕ ሲቀድ። በቅሬ ድንኳን። በቅሬ ወንበር። ናሆም ቀና ብሎ አያት፤ እየቀለደች አልነበረም። ያደገችው ድንኳን በማይተከልበት ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ሐዘን የሚደረሰው በስልክ ነው። በዚህ ከተማ በማለዳ የተሰበሰበ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ የነገራት የለም። ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ወንበሩ ምን ያህል ይሁን?» አለ በምትኩ። ለምን እንደዚያ እንዳለ ራሱም አያውቅም።

ድንኳን ያለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አይወጣም። ሊቀመንበሩ ሐጂ ረያን ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ልጃቸው ነኢማ ከተጫኑት አንዷ ናት። ናሆም ከመስጊዱ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው።

«ሐጂ፣ ድንኳን ለፊልም ይሰጣል?»

«ለሠርግ እንሰጥ የለ? ምን ቸገረን?»

«ጎሕ ሲቀድ ነው የምትፈልገው።»

ሐጂ ረያን ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። 

«ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንዳትነግራት።» ወደ ጦሳ አዩ። «ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ውሸት ነው ልጄ። እኔ ቤት ነቅዟል። ነኢማ ቅዳሜ ቅዳሜ ስኳሬን ትጠይቀኛለች፤ እሷ ስትጫን እኔ ስኳር አልነበረብኝም። ማን ነገራት? እኔው ነኝ፤ ዓርብ ዓርብ።» ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። «ስጣት። ትልቁን ድንኳን ስጣት።»

ናሆም ያንን ሁለት ቀን እግሩ መሬት ሳይረግጥ ነው ያሳለፈው። እናቱን ከዚያ ድንኳን ማራቅ አለበት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከቅዳሜ ቅዳሜ የሚያሻግራት ያ ግድግዳ ነው። ባሏ ሲሞት የያዛት እሱ ነው፤ ጉልበቷ ሲከዳት የያዛት እሱ ነው። ቅዳሜ ከተወሰደባት ትሞትብኛለች ብሎ ፈራ፤ የፈራው ከልቡ ነው። ደግሞ ሌላም ፍርሃት ነበረው፤ ለእናቱ ከተነገራት ለሱም ተነገረው ማለት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ስታዲየሙ ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ ሲገባ እናቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«በጋሪ ወንበር ሲያልፍ አየሁ። ምንድን ነው?»

«ሠርግ ነው እማዬ።»

«ሐሙስ ማን ይዳራል?»

«ያው… የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ለነሱ ቀኑ ሁሉ አንድ ነው።»

አየችው። ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ አልሰረቅኩም ሲል እንደምታየው አየችው። ከዚያ ገብታ ጉልበቷን መቀባት ጀመረች።

በማግስቱ፣ ገና ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ናሆም ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። ጉሙ ወርዶ ሜዳው አይታይም። ጥሩወርቅ ሸራዋን ወጥራ፣ ከሣጥኖቿ አጠገብ ቆማ እጇን ታፍተለትላለች። ሰው የሚመጣ አልመሰላትም ነበር።

ሰው መጣ። ከጉሙ ውስጥ ሁለት ሦስት እየሆነ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ደርበዋል። እትዬ ማክዳ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ መጣች፤ ሌላዋም እንዲሁ፤ ሌላዋም። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ገብተው ተቀመጡ፤ ወንበር ያልበቃው መሬት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ለራሱ ብቻ የጠረጠረውን ነገር ጎረቤቱም ለብሶት ሲመጣ አየ።

ጥሩወርቅ የናሆምን ክንድ ያዘች። «ጋሽ ናሆም፣ ሰው ሁሉ ለምን ጥቁር ለበሰ? ማን ሞተ?»

መልስ ሊሰጣት ሲል እናቱን አየ። ከዘራዋን ተደግፋ፣ ያን አዲሱን ነጠላ አዘቅዝቃ ከጉሙ ወጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ፊት ለፊት፣ ከሸራው ሥር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ወደ ናሆም ዞራም አላየችም። 

«አብሪው» አላት ጥሩወርቅን። «አብሪው በቃ።»

ሸራው በራ። ከዳር እስከ ዳር ፊት ነው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ እያንዳንዱ በራሱ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ድምፅ የለም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የራሱን መፈለግ ያዘ፤ ጣቶች ተቀሰሩ፣ «ያውት! ያውላችሁ!» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ ሹክሹክታው ራሱ እየሳሳ ሄደ። መስኮቱ አንድ ነው። ሹራቡ ቡናማ ነው፤ የሁሉም። የነኢማ ሻሽ ከሹራቡ ጋር አብሮ ቡናማ ነው።

ከዚያ ሳቁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ከሁለት መቶ በላይ ግራ እጅ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ከሁለት መቶ በላይ ጆሮ ያዘ።

 ጥሩወርቅ ራሷ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ይህን አላወቀችም። እንደገና ሳቁ። እንደገና ጆሯቸውን ያዙ። በክፍቱ በኩል ያለፈው ብርሃን ጉሙ ላይ አርፎ ያንኑ ፊት ሁሉ አግዝፎ ሜዳው ላይ ይነዳው ነበር፤ አውቶቡሶቹ ቆመውበት በነበረው ሜዳ ላይ። ጉሙ ሲንቀሳቀስ ፊቶቹ ይቀደዳሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይመለሳሉ።

እማማ ሶልያና ተነሳች። ሸራው ሥር ሄዳ ቆመች፤ ብርሃኑ ጀርባዋ ላይ ወደቀ። ጣቷን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ እያንቀሳቀሰች ፈለገች። መጨረሻ ላይ ዞረች።

«ናሆም። የቱ ነው የኔ?»

ናሆም ቀረበ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ያየውን ፊት ፈለገ። መነጽር ያደረገ አየ፤ ከጎኑም መነጽር ያደረገ አለ። ጸጉሩ የሸበተ አየ፤ ረድፉ በሙሉ ጸጉሩ ሸብቷል። አላወቀውም። ወሬ ሲያቀብለው የኖረውን ወንድሙን አላወቀውም፤ እዚያው ሸራው ፊት ቆሞ አለቀሰ።

«አባትህ ጆሮውን ይዞ አያውቅም» አለች እናቱ ቀስ ብላ። «አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ሲስቅ አፉን ነበር የሚሸፍነው፤ ጥርሱ ወልቆ ስለነበር። ኪሩቤልም ሳቁ እንዲህ አልነበረም። ድምፅ ነበረው፤ ከመንገድ ይሰማ ነበር።» ሸራውን አንድ ጊዜ ደግማ አየችው። «ልጄ እዚህ ውስጥ የለም።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ነግቷል እኮ!»

ሐጂ ረያን ከዘራቸውን ጥለው ተነሱ። የቅሬ ሊቀመንበር ሲያረዳ እንደሚቆመው ቆሙ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። «ልጆቻችን አልፈዋል» አሉ። «ያኔውኑ፣ በዚያው ሳምንት ነው ያለፉት። አላህ ያጽናን። እግዜር ያጽናን።» ከዚያ በላይ አልቻሉም፤ አላስፈለገምም። ለቅሶው ሲነሳ እስከ ሸዋ በር ሰፈር ድረስ ተሰማ አሉ።

ጥሩወርቅ ምስሉን ልታጠፋው ሮጠች። ሐጂ ረያን እጃቸውን አነሱ። «ተዪው ልጄ። ይዩን።»

ረፋድ ላይ ከእርቅ ቤት ሁለት ሰዎች በመኪና መጡ። ከመኪናቸው ሲወርዱ ቆጣ ብለው ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆባቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት ደርሶ ሳይቀመጥ የሚመለስ ሰው የለምና ተቀመጡ፤ ንፍሮ ሲዘገንላቸው ተቀበሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ ሸራው ላይ የሆነ ሰው መፈለግ ጀመረ። ወደ አለቆቻቸው ሲመለሱ ምን እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

በየቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ። ናሆም ቤትም ፍራሽ መሬት ተነጠፈ፣ ጎረቤት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። እናቱ ሠላሳ ዓመት የያዘችውን አለቀሰች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ጥቂት በላች፣ ተኛችም። አልሞተችም። ናሆም ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቶ ትንፋሿን አዳምጧል። ዓርብ ከሰዓት እግሩ ከልማዱ ወደ ጓዳው ወሰደው። ቀዳዳዋ ፊት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወጣ።

ቅዳሜ ሠልስቱ ነበር። ቤቱ ሞልቷል፤ ሐጂ ረያን አሉ፣ እትዬ ማክዳ አለች፣ ጥሩወርቅም ሣጥኗን ይዛ ከመሄዷ በፊት ልትሰናበት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ማንም ሰዓት አላየም። ግድግዳው በራ።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱ ቅባት ተስማማሽ ወይ?»

ያለፈው ሳምንት ጥያቄ ነው። አዲስ ወሬ ያቀበለው የለም። ኪሩቤል እጁን ወደ ጆሮው አነሳ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመው። ዓይኑ በሳሎኑ ዞረ፤ በፍራሹ፣ በጥቁሩ ልብስ፣ በተዘቀዘቀው ነጠላ ላይ። ፊቱ ተለወጠ።

«ናሆም፣ ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

እትዬ ማክዳ ጋቢዋን ከላይዋ አውልቃ ለግድግዳው መሸፈኛ ልታደርገው ተነሳች።

«ተዪ!» አለች እማማ ሶልያና። «እንዲህ አይደረግም። ለሰው መርዶ እንዲህ አይነገርም።» ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም። «ተደላድለህ ቁጭ በል። እህል ቀምሰሃል?»

«ቀምሻለሁ እማዬ።»

«አብሮህ ሰው አለ?»

በነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ጠይቃው አታውቅም። ኪሩቤል ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ መስኮቱም ዞረ።

«የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እኛ አለን» አለችው። ከዚያ ወደ ሌላው ልጇ ዞረች። «ናሆም፣ ንገረው።»

ናሆም ተነሳ። ሐጂ ረያን ከኋላው ተነሱ፤ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ፤ መርዶ ሲነገር እንደሚደረገው ተጠግተው ቆሙ። ከስንት ጊዜ በኋላ እግሩ አረፈ። ዓርብ ዓርብ እንደለመደው ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ወንድሜ ሞቷል» አለው።

 ግድግዳው ላይ ያለው ሰውም ከወንበሩ ተነሳ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እጆቹን ወደ ታች ለቀቀ።

«እግዜር ያጽናህ» አለው።

በጓዳው በር በኩል አረንጓዴዋ መብራት ሁለቴ ብልጭ ብላ ጠፋች።